አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ሳጥን

ኑ እስኪ፣ ወንበር ያገኘ ይቀመጥ፣ ያላገኘ ግድግዳ ይደገፍ። አላስረዝምባችሁም። ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እሱ ደግሞ ደንበኛዬ ሲመጣ "ዛሬ አልከፈተም" ብሎ ወደ ራሱ ሱቅ የሚወስድ ሰው ስለሆነ ቶሎ መመለስ አለብኝ።

ዱሮ የልጅህን ሙያ በዓይንህ ታየው ነበር። የአናጢ ልጅ በርጩማ ሠርቶ ያመጣልሃል፤ ትቀመጥበታለህ፤ ከተሰበረ ልጁ ገና ነው፣ ካልተሰበረ "በርታ" ትለዋለህ። የልብስ ሰፊ ልጅ ሱሪህን ያሳጥርልሃል፤ አብዝቶ ካሳጠረው ለታናሽህ ትሰጠዋለህ። የአሁን ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያበራ ነገር ላይ አፍጥጦ ይውልና ማታ "ደከመኝ" ይልሃል። ምን ተሸክሞ? አትጠይቅ። ከጠየቅክ ያስረዳሃል፤ ያኔ አንተም ይደክምሃል።

እኔ ግን ጠየቅኩ።

መሃል ከተማ ምስማር፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የምሸጥ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆማ ቀርታለች፤ እስካሁን እዚያው ናት፣ ማንም ሄዶ አላመጣትም። ልጄ ቃልኪዳን ግን እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ትማራለች። አንድ ቀን ላፕቶፑ ላይ አጎንብሳ ሳያት "ምን እየጻፍሽ ነው?" አልኳት። "ስክሪፕት" አለችኝ። እኔ ስክሪፕት የማውቀው የድራማ ነው፤ "የፍቅር ነው ወይስ አስቂኝ?" ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀችና ወንበር ሳበችልኝ። ወንበር ከተሳበልህ ማብራሪያው ረጅም መሆኑን እወቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር አንድ ነገር ሊጠይቅህ ሲፈልግ ትንሽ ሳጥን ብቅ ያደርግልሃል፤ አይታችኋታል፣ "ልዝጋው? አዎ፣ አይ" የምትለዋን። ያቺ ሳጥን ከሰማይ አትወርድም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ውስጧ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በጽሑፍ ይፈጥረዋል፤ ጥያቄው የሚነበብበትን፣ መልስ የሚሞላበትን፣ ምልክት የሚደረግበትን፣ የሚጫኑትን ቁልፍ ሁሉ። እነዚህን በጅምላ "ኮንትሮል" ይሏቸዋል። ለእያንዳንዱ ስም ታወጣለታለህ፤ ከግራ ምን ያህል ገባ ብሎ፣ ከላይ ምን ያህል ወረድ ብሎ እንደሚቀመጥ፣ ወርዱና ቁመቱ ምን ያህል እንደሚሆን ትነግረዋለህ። ከረሳህ አንዱ ሌላው ላይ ተደርቦ ይቀመጣል።

"በቃ የሠርግ ድንኳን ነዋ!" አልኳት። "እንግዳ ማስቀመጥ ነው። ሽማግሌ ከፊት፣ ልጆች ከበሩ አጠገብ፣ የተጣሉት ደግሞ ራቅ ራቅ።"

"ልክ ነህ አባዬ! ግን ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም። ሲነኩት ምን እንደሚሠራ ካልነገርከው ዝም ብሎ ይቀመጣል።"

"እንደ አጎትሽ።"

ባለቤቴ አስቴር ከኩሽና ሰማች። አጎትየው ወንድሟ ነው። የዚያን ቀን እራት ዘገየ።

ስክሪፕቱ ለእድራችን ነበር። የምሥራቅ ሰፈራችን እድር ሞት ብቻ ጠብቆ የሚነሳ አይደለም፤ በቁምም ይደርሳል። ያን ሰሞን ነጻ የዓይን ሕክምና ወደ ከተማችን ይመጣል ተባለ፤ የዓይን ሞራ የጋረዳቸው አረጋውያን በተራ ሊሠራላቸው ነው። ሕጉ አንድ ነው። ሰውየው ዓይኑ ታሽጎ ስለሚወጣ ያለ አስታማሚ የመጣ አይገባም። አስታማሚ ለሌለው እድሩ ከመሃላችን ሰው ሊመድብ ተስማማን፤ ሰብሳቢያችንም "ምዝገባው በኮምፒውተር ይሁን፣ እስከ መቼ ወደ ኋላ እንቀራለን?" አሉ።

ቃልኪዳን እድሩ ቤት ላፕቶፗን ዘርግታ ተቀመጠች፤ አረጋውያኑ ተሰለፉ። ሳጥኑ ይጠይቃል፣ እሷ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፣ የመለሱትን ትጫናለች። ስም፣ ዕድሜ፣ የትኛው ዓይን። መጨረሻ ላይ "አስታማሚ እንመድብልዎ?" ይልና ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፣ "አዎ" እና "አይ"። ሰልፉ ገና ፀሐይዋ ሳትከር አለቀ። ዱሮ በየቤቱ እየዞርን፣ በየቤቱ እየተቀመጥን የምንጠይቀውን ሳጥኑ ጠየቀልንና ሁላችንም እግራችንን ዘርግተን አረፍን። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ተረት የምናስታውሰው ሁልጊዜ ራት ካነሰ በኋላ ነው።

አሁን ጋሽ ሀሜሶን ላስተዋውቃችሁ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አናጢ። የሰፈራችንን በርና መስኮት ግማሹን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በራችን ሲጮህ "ማነው የሠራው?" ብለን የምንወቅሳቸውም እሳቸውን ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጆቻቸው ሩቅ አገር ናቸው። ሁለቱም ዓይናቸው ተጋርዶ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር፤ ባጃጅን ደግሞ በነፋሱ። ከሚስታቸው ጋር ማምሻውን ሐይቅ ዳር ወርደው መቀመጥ ልማዳቸው ነበር። እሱንም ተዉት። "ወርጄ ምን ላይ?" ይላሉ።

የሕክምናው ዕለት እኩለ ቀን ላይ፣ ሱቄ በር ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋሽ ሀሜሶ ቁጭ ብለው አየኋቸው። ኮታቸው ተተኩሷል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፣ ጭናቸው ላይ ፎጣ የተጠቀለለባት ፌስታል አለች።

"ጋሽ ሀሜሶ! ዓይንዎስ?"

"መለሱኝ።"

"ለምን?"

"ሰው ይዘው ይምጡ አሉኝ። ሰው ደግሞ መንገድ ላይ አይነሣ፣ ድንጋይ አይደል።"

"እድሩ አልመደበልዎትም እንዴ?"

"ልጅህ ጠይቃኛለች፣ አትውቀሳት። 'አስታማሚ እንመድብልዎ?' አለችኝ። 'አይ፣ አላስቸግርም' አልኳት።"

"ኧረ ጋሽ ሀሜሶ፣ ለምን አይ አሉ?"

በተጋረደው ዓይናቸው ድምፄ ወዳለበት ዞረው፣ እንደ ሞኝ አዩኝ። "ታዲያ ገና አንዴ ብጠየቅ እሺ ልበል? ሆዳም ነኝ እንዴ? ሁለተኛ ስትጠይቀኝ እግዜር ይስጥልኝ ልል ተዘጋጅቼ ስጠብቅ 'የሚቀጥለው!' አለች።"

እናንተም እስኪ እውነቱን ተናገሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ቤት ገብታችሁ "ብሉ" ስትባሉ የመጀመሪያ መልሳችሁ ምንድን ነው? "አሁን በላሁ" አይደል? ሆዳችሁ ግን ከውስጥ "ውሸቱን ነው!" እያለ ይጮሃል። ባለቤቱ "በሞቴ" ሲል "ኧረ ጠግቤያለሁ" ትላላችሁ። ሦስተኛ ሲለምን "እንግዲህ ካልክ" ብላችሁ ትቀርባላችሁ፤ ከቀረባችሁ ደግሞ የሚያነሳችሁ የለም። እዚህ ሐዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፣ መስጊድ የሚሄደው፣ በስንት ነገር ስንከራከር እንውላለን፤ በዚህ ግን አንድም ተቃዋሚ የለም። የመጀመሪያው "አይ" መልስ አይደለም። ሰላምታ ነው። "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ግን ቶሎ ብሎ "እሺ" ያለ ሰው ደጃዝማች ቢሆንም ይታማል።

ሳጥኑ ይህን ከየት ይወቅ? ማን አሳድጎት?

ማታ ለቃልኪዳን ነገርኳት። "አይ ብለውኝ ነበር እኮ አባዬ" አለችና ላፕቶፗን ዘጋች። "ቀጥሎ የሚመጡት መቼ ነው?" አለች። ሐኪሞቹ እንግዲህ ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰን እንመጣ ይሆናል ብለው ነበር። "ይሆናል" ነው ያሉት። ጋሽ ሀሜሶ ክረምቱን ሙሉ ጭቃውን በዱላ እየዳሰሱ ሊኖሩ ነው ማለት ነው። ልጄ አለቀሰች። እኔም አጽናናለሁ ብዬ ቀልድ ፈለግኩ፤ እንደዚያ ቀን አጥቼ አላውቅም።

እንባዋን ስትጨርስ ላፕቶፗን ከፈተች። "ሁለተኛ ሳጥን ልጨምር ነው። 'አይ' ሲሉ አይዘጋም፤ እንደገና ይለምናል።" ጻፈችው፤ "ኧረ ግድ የለም፣ ማንንም አያስቸግሩም" የሚል። "በሞቴ ጨምሪበት" አልኳት።

"ኮምፒውተር እንዴት በሞቴ ይላል አባዬ? ሞት የለውም።"

"ባትሪው ሲያልቅስ?"

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ጨመረችም። ግን ሌላ ሐሳብ ገባት። ሰውየው የእውነት የማይፈልግ ከሆነስ? ልጅ ያለው፣ እህት ያለችው፣ የምር "አይ" የሚል? እስከ መቼ ይለመናል? የይሉኝታውን "አይ" ከእውነተኛው "አይ" በምን ትለያለህ? ይህን የመለሰችው አስቴር ናት፣ ሽንኩርት እየላጠች።

"የእውነት ሰው ያለው ሰው ስም ይጠራል" አለች። "'አይ፣ አበበች አለችልኝ' ይላል። ስም የማይጠራ ማንም የለውም።"

ቃልኪዳን ዞራ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ሦስተኛ ሳጥን ሠራች። ውስጧ "አዎ"ም "አይ"ም የለም። አንድ ጥያቄ፣ "ታዲያ ማን ይዞዎት ይሄዳል?" የሚል፣ ከሥሩ ስም የሚሞላበት አንድ ባዶ ቦታ፣ አንዲት "ጨርስ" የምትል ቁልፍ። ቦታው ባዶ እስከሆነ ድረስ ቁልፏ አትሠራም። "እኔ እንኳ ብረሳ፣ ወይ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቢቀመጥ፣ ሳጥኑ እንቢ ይለዋል" አለች።

ክረምቱ ረጅም ነበር። አንድ ጊዜ ባጃጅ ጋሽ ሀሜሶን ለጥቂት ሳታቸው፤ ጫማቸው ቦይ ውስጥ ገብታ ቀረች። ሌላ ጊዜ ከገዛ በራቸው አልፈው የሰው በር ሲያንኳኩ አገኘናቸው፤ "እንጨቱ የኔ ሥራ ነው፣ ቤቱ ግን የኔ አይደለም" ብለው ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ክረምቱ ወጣ፣ ሐኪሞቹም ተመልሰው መጡ። በምዝገባው ቀን እኔም እድሩ ቤት ነበርኩ። ጋሽ ሀሜሶ ተራቸው ደርሶ ተቀመጡ።

"አስታማሚ እንመድብልዎ?" አነበበች ቃልኪዳን።

"አይ፣ አላስቸግርም።"

እግዜር ያሳያችሁ፣ በዚያ በጋ ተመልሰው፣ በዚያ ክረምት ተንከራትተው፣ አሁንም "አይ"! ሁለተኛው ሳጥን ብቅ አለ። "ኧረ ግድ የለም፣ በሞቴ፣ ማንንም አያስቸግሩም።"

ጋሽ ሀሜሶ ደንገጥ አሉ። ደስ እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል፤ ሳጥኑ ሰው መሆን ጀምሯል። ግን ክረምቱን ሙሉ የሰፈሩ ሸክም ሆኜ ከረምኩ ብለው ነው መሰል ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኧረ ተይኝ ልጄ። ሰዉ ሥራ አለው።"

ሦስተኛው ሳጥን መጣ። "ታዲያ ማን ይዞዎት ይሄዳል?"

ኮታቸውን አስተካከሉ። አፋቸውን ከፈቱ፣ የአንድ ሰው ስም ሊጠሩ መሰለኝ፤ የሚስታቸው ሳይሆን አይቀርም። መልሰው ዘጉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለእኔና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ማን አለኝ ብለሽ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ቃልኪዳን ባዶው ቦታ ላይ የኔን ስም ጻፈችና "ጨርስ" የምትለዋን ተጫነች።

በሕክምናው ቀን ክንዳቸውን ይዤ ሄድኩ። እስኪወጡ ደጅ ቆየሁ፤ ታሽገው ሲወጡ ባጃጅ ይዘን ወደ እኔ ቤት መጣን፣ እዚያው አደሩ። ጠዋት ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ ፋሻውን ፈታችና "ቀስ ብለው ይክፈቱ" አለቻቸው። ከፈቱ። መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፣ ገልብጠው መላልሰው። ከዚያ በሩን አዩ፤ "ማጠፊያው ጠሟል" አሉ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ የኔም እንደዚያው። ምርቃት ሊመጣ ነው ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

"በቀለ" አሉኝ።

"አቤት፣ ጋሽ ሀሜሶ።"

"እንዴ! እንዲህ አርጅተሃል?"