ሽማግሌ የተላከበት የመኪና ማንሻ

ሰው ከሚያውቀው ነገር ግማሹን ፈልጎ አልተማረውም፤ ከትዳሩ ተጋብቶበት ነው። የነርስ ባል ስለ ደም ግፊት ሲያወራ ብትሰሙት እሱ ራሱ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚውል ይመስላችኋል። የዳኛ ሚስት ገበያ መሀል ሁለት ሴቶች ሲጨቃጨቁ ብታይ ማን እንደጀመረው ሳታጣራ አታልፍም። የልብስ ሰፊ ሚስት ደግሞ ሰላም ስትላችሁ ዓይኗ ትከሻችሁ ላይ ነው፤ ስፌቱን እያየች። እኔም መሪ ጨብጬ የማላውቅ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ለግቢያችሁ ጋራዥ የመኪና ማንሻ መምረጥ ቢያስቸግራችሁ ወንበር ስቤ ላስረዳችሁ እችላለሁ። ባለ ሁለት ምሰሶው ምን ዓይነት ወለል እንደሚፈልግ፣ ባለ አራት ምሰሶው ምን ያህል ቦታ እንደሚበላ፣ እንደ መቀስ የሚታጠፈው ለማን እንደሚሆን አሳምሬ አውቃለሁ። ችግሩ ማንም አይጠይቀኝም። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ባለቤቴ ሙሉጌታ ይባላል። «ይባል ነበር» ለማለት እጄ ገና አልለመደም፤ ታገሱኝ። ለብዙ ዘመን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መንዳቱ ሲሰለቸው መኪናውን ሸጠና መካነ ሰላም ባለው ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ የተከደነች ጋራዥ ሠራ። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ከላላ ወይም ወደ አጅባር የተጓዘ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ሚኒባስ ገብቶ በባሌስትራው ሳያዝን አይወጣም። አገሩ ሁሉ መንገዱን ሲራገም ሙሉጌታ ብቻ ስለዚያ መንገድ ክፉ ሲናገር አልሰማሁም። ሥራ የሚልክለት እሱ ነበራ።

በጋራዡ መሀል ሙሉጌታ በጎልማሳነቱ የቆፈረው፣ ግድግዳው በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ መኪናውን ወደ ላይ ማንሣት ያልቻለ መካኒክ እሱ ወደ ታች ይወርዳል። መኪናው ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቆማል፣ ሙሉጌታ በአምስቱ ደረጃ ወርዶ ከሥሩ ይሠራል። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጋቢዬን ደርቤ፣ በርጩማዬን ይዤ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። ከታች እጁ ብቻ ብቅ ይላል።

«አሥራ ሰባት!»

አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አቀብለዋለሁ። እጁ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ቁልፍ ተመልሶ ይወጣል።

«መምህርት፣ ይሄ እኮ አሥራ ዘጠኝ ነው። ለመሆኑ ሒሳቡን ማን ነው ያስተማረሽ?»

እንዲህ እየተባባልን አንድ ዓመት ያህል ከረምን። የሚያዩን ሁሉ «እንዴት ያምርባቸዋል!» ይሉ ነበር። እኔ ግን ለማማር አልነበረም የተቀመጥኩት። የሰውዬው ጉልበት አልቆ ነበር። ሲወርድ ግድግዳውን በሁለት እጁ ይዞ ነው፤ ሲወጣ አራተኛው ደረጃ ላይ ቆም ብሎ የመኪናውን ጎማ የሚመረምር ይመስላል። አንድ ቀን ሥራው ካለቀ በኋላ ቁልፎቹን ሰብስቤ ጠበቅኩት፤ አልወጣም።

«ምነው?» አልኩት።

«ዳዶ ወድቆብኝ ነው። እየፈለግኩ ነው።»

የብሎን ዳዶ ለመፈለግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ ነው። ምን ልበለው? «አገኘኸው?» አልኩት። «አሁን ላገኘው ነው» አለኝ። «አትቸኩል፣ አለሁ» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጉድጓዱ አፍ አልተነሣሁም። ቁልፍ ለማቀበል አይደለም። አንድ ቀን ዳዶው ጨርሶ ያልተገኘ እንደሆነ ሰው ለመጥራት ነው።

ታዲያ ለምን ፊት ለፊት አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። ጉልበትህ አልቋል፣ ውጣ፣ ማንሻ እንግዛ ማለት ነው። እናንተ ሞክሩትና ንገሩኝ። በእጁ ሠርቶ የኖረን ወንድ እንዲህ ማለት እኔ አልቻልኩበትም። በእኛ አገር ደግሞ ፊት ለፊት የማይባል ነገር ሁሉ መንገድ አለው፤ ሽማግሌ ይላካል። ልጅ ለማጨት ይላካል፣ ለተጣላ ይላካል። ለገዛ ባሏ ጉልበት ሽማግሌ የላከች ሴት ግን ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም።

ሦስት ሰዎች መረጥኩ። የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሱ፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ፣ ሦስተኛው የሙሉጌታ የአጎት ልጅ አያ ይመር ነው፤ እሱ ከከላላ በኩል በበቅሎው ነው የመጣው። እሑድ ረፋድ ላይ በራችንን አንኳኩ። ሙሉጌታ ደስ ብሎት ተነሣ።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ እንጂ!»

«አንቀመጥም» አሉ ቄስ አድማሱ። «ለልመና ነው የመጣን። እሺ ሳንባል አንቀመጥም።»

ወደ እኔ ዞረ።

«ይቺ ሴትዮ ልትፈታኝ ነው እንዴ?»

«አብሽር!» አሉ ሼህ እንድሪስ። «እሷ ካንተ ጋር ምንም የላትም። ጠቧ ከጉድጓዱ ጋር ነው።»

ቄስ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ሕያው ሰው በየቀኑ ከምድር በታች መዋል እንደማይገባው ሰበኩ። ማንሻ የሚባል መሣሪያ እንዳለ፣ ደሴ እንደሚገኝ፣ መኪናውን ወደ ሰው እንደሚያመጣው አስረዱ። አያ ይመር ቀበል አደረገና፣ «እኔ በቅሎ አለችኝ። ታማብኝ እንኳ ከሆዷ ሥር ገብቼ አላውቅም፤ ከጎኗ ቆሜ ነው የማያት። ምን ያለ ፍጥረት ነው ከሥሩ ካልተገባ የማይድን?» አለ።

«እኔ እምቢ ብያለሁ» አለ ሙሉጌታ። «ጉልበቴ ደህና ነው።»

«ስለ ጉልበት ማን አነሣ?» አሉ ሼህ እንድሪስ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ሽማግሌ ቆሞ እየለመነ የሚለመነው ሰው አይቀመጥም፤ ነውር ነው። እነሱ ካልተቀመጡ ሙሉጌታም መቆም አለበት። ሽማግሌዎቹን ስመርጥ ይህን አውቅ ነበር። እንዲያውም የተማመንኩት በእሱ ነው። አያ ይመር ምርኩዝ አለው፣ ቄስ አድማሱ ማሕሌት ቆሞ ማደር የለመዱ ናቸው፣ ሼህ እንድሪስ ሱቃቸው ውስጥ ቆመው ነው የሚውሉት። መቆም የማይችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሙሉጌታ አንዴ በቀኝ እግሩ፣ አንዴ በግራ እግሩ ተደገፈ። ስለ ጉድጓዱ ጥቅም ተናገረ። ስለ መብራት መጥፋት ተናገረ። እጁን ወደ ግድግዳው ሰደድ አደረገና መልሶ ሰበሰበው። «እኛ አንቸኩልም» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ «እስከ ዙህር ሶላት ጊዜ አለን።» እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር፤ የሒሳብ አስተማሪ ክፉ አመሏ ነው። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ፣

«እሺ! እሺ አልኩ! ተቀመጡልኝ በቃ!» ብሎ ከሁሉም ቀድሞ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

ቄሱ መረቁ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ እኛም አንዱን ምርቃት አሜን፣ አንዱን አሚን ብለን ተቀበልን። ከዚያ ሽማግሌነታቸው ቀረና ሦስቱም ነጋዴ ሆኑ። በስልክ የማንሻ ሥዕል ካላየን አሉ። ቄስ አድማሱ ባለ አራት ምሰሶውን ወደዱ፤ «ቤተ ክርስቲያንም በሁለት ምሰሶ አይቆምም» ብለው። ሼህ እንድሪስ ባለ ሁለት ምሰሶው ቦታ ስለሚቆጥብ እሱ ነው የሚሻል አሉ። አያ ይመር ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ «መኪናው እላይ ሳለ መብራት ቢጠፋስ? እንደተሰቀለ ሊያድር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሙሉጌታ በትዕግሥት አስረዳው፤ ከፍ ሲል ብረቱ በየደረጃው ራሱን ይቆልፋል፣ መብራት ባይኖርም በእጅ ቀስ አድርጎ ማውረድ ይቻላል። ባለ ሁለት ምሰሶው ወፍራም የኮንክሪት ወለል ካላገኘ ተነቅሎ ይወድቃል፤ ባለ አራት ምሰሶው ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ነገር ግን መኪናው በጎማው ስለሚቆምበት ጎማ ለመፍታት ሌላ ክሪክ ይፈልጋል። ሁሉንም እንደ ጸሎት በቃሉ አወረደው። ሾፌር ነው፣ የትም ሰምቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ምርጫው ሳምንታት ወሰደ። እኔ በሜትር የጣራውን ቁመት ለካሁ፤ ዝቅ ያለ ነው። ጣራውን ከፍ እናስደርገውና ቆመህ የምትሠራበትን እንግዛ፣ ጉልበትህ ጭራሽ አይታጠፍ አልኩት። እምቢ አለ። እሱ የፈለገው ያን እንደ መቀስ የሚታጠፈውን፣ መኪናውን ከወገብ እምብዛም የማያሳልፈውን ነው። «ተቀምጬ እሠራለሁ» አለ። ጣራው እንዳይነካ የሳሳ መሰለኝና ተውኩት።

ማንሻው ከደሴ በጭነት መኪና መጣ። የሚተክለው ኤፍሬም የሚባል ባለሙያ አብሮ መጣ። ከዚያ በፊት ግን ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር ተሞልቶ ላዩ በኮንክሪት ተደፈነ። ያን ቀን አጠገቡ ቆሜ ሳቅ ብዬ አይቼዋለሁ። ጉድጓድ ሲሞላ ማየት ከዚያ ወዲህ አልወድም።

ከጥቅምት እስከ ሰኔ ሠራበት። እሱ በአንድ በርጩማ፣ እኔ በሌላ በርጩማ፣ መኪናው በመሀላችን ከፍ ብሎ። ያኔ ነው ሲሠራ ፊቱን ያየሁት፤ ከዚያ በፊት የማውቀው እጁን ብቻ ነበር። ብሎን ሲያጠብቅ ለካ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ነው። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት አብሬው ኖርኩ! «ምን ታይኛለሽ? አሥራ ሦስት ቁልፍ ነው ያልኩሽ» ይለኛል።

ሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ልቡ ቆመ። የግራውን አስሮ ነበር።

ለቅሶው አለፈ፣ አርባው ወጣ፣ እንግዳው ተበተነ። እኔ ጋር የቀረው አንድ ነገር ነው። ሰውዬውን በጉልበቱ አስገደድኩት። ስንት ዓመት የሠራበትን ቦታ በገዛ እጄ አስደፈንኩበት፤ ያውም ሽማግሌ አስቁሜ፣ የሚያመውን ቦታ አውቄ፣ ሰዓት እያየሁ። ወድዶት ይሆን ወይስ ለእኔ ብሎ ነው? ጠይቄው አላውቅም ነበር። ቄስ አድማሱ «ይህ ኃጢአት አይደለም» አሉኝ። እኔ ስለ ኃጢአት አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ኤፍሬም ለሌላ ሥራ ወደ እኛ ከተማ መጥቶ ማንሻው እንዴት ሆነ ብሎ ጎራ አለ። ከል ለብሼ ሲያየኝ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አስገብቼ ምሳ አቀረብኩለት፤ አልበላም፤ እጁን ከትሪው ሰብስቦ፣

«እትዬ ዘነቡ፣ እግዜር ያጥናዎት። ጋሽ ሙሉጌታ እኮ ደንበኛዬ ነበሩ። ማንሻውን ከመግዛታቸው ከዓመት በፊት ጀምሮ ደሴ በመጡ ቁጥር እኛ ጋ ይመጡ ነበር» አለኝ።

«ከዓመት በፊት?»

«አዎ። ሁሉንም አንድ በአንድ አስጠንቻቸዋለሁ። ታዲያ ለምን አይወስዱም ስላቸው፣ ባለቤቴ ጡረታ ወጥታለች፤ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጣ ቁልፍ ማቀበል ትወዳለች፤ ይህን ብወስድባት ምን ትሠራለች? እሷ ራሷ በቃህ ስትለኝ እገዛለሁ አሉኝ። በኋላም ከፍ የሚለውን ይውሰዱ ብላቸው እምቢ አሉ። ቆሜ ከሠራሁ ቁልፉን ከጠረጴዛ ላይ ራሴ አነሣዋለሁ፤ እሷ የምትቀመጥበት ቁመት ይሁንልኝ አሉ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሌላውም መጣ።

እኔ ቁልፍ ማቀበል እወዳለሁ? በዚያ ብርድ፣ ዘይት እየሸተተኝ፣ ወገቤን እያመመኝ! እኔ የተቀመጥኩት እሱ መውጣት ስላቃተው ነው። እሱ የወረደው እኔ ስለተቀመጥኩ ነው። ሁለት የበሰሉ ሰዎች፣ አንዷ ያውም የሒሳብ አስተማሪ፣ ዓመት ሙሉ በአንድ ጉድጓድ ላይ ስንተዛዘን ኖርን። የሚያስቀው ደግሞ አሁን በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ እወድ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ። ማንሻውን እንዲያ ከፈለገ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡለት ወዲያው እሺ ብሎ ለምን አልተቀመጠም? የሽማግሌዎቹን ነገር ለኤፍሬም ነገርኩት። ፈገግ አለ።

«ወዲያው እሺ ቢሉ እርስዎ ይጠረጥሩ አልነበር?»

እጠረጥር ነበር። እንዴት አልጠረጥር! በእኔ ልመና እሺ እንዳለ፣ እኔው ከጉድጓዱ እንዳወጣሁት እንዳምን ፈልጎ ነበር። እኔ አቆምኩት እያልኩ ስጸጸት የከረምኩት ሰው ራሱ ነው የቆመው። በዚያ ጉልበቱ፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ።

ይህን ለሼህ እንድሪስ አልነገርኳቸውም። እሳቸው እስከ ዛሬ ሱቃቸው ለገባ ሁሉ፣ በሽምግልና ዘመናቸው እንደ ሙሉጌታ ያለ ግትር ገጥሟቸው እንደማያውቅ፣ እንዴት አድርገው እንደረቱት ያወራሉ። ትናንትም ጨርቅ ልገዛ ገብቼ ሲያወሩ ሰማሁ። ደቂቃውን ወደ አንድ ሰዓት አሳድገውታል። አላረምኳቸውም።