ታሊን ላይ እንብላ ያልኩት ሰውዬ

ሐበሻ መንገድ ሲወጣ ሻንጣው የራሱ አይደለም። ይህን የማያውቅ አለ? አንዱ ለእህቱ ልጅ ቫይታሚን ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ለእናቷ ጫማ ታመጣለች፣ የሻንጣው ባለቤት ሸሚዝ ቦታ አጥቶ ቤት ይቀራል። እኔ ግን ባለፈው ፎል፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ ታሊን ስሄድ ሻንጣዬ ቀለለኝ። ታሊን የት ናት አትሉኝም? ኢስቶኒያ። ኢስቶኒያስ? እሱን እኔም በደንብ የተረዳሁት አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነው።

አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ መሄዴን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ማንም ዕቃ አልሰጠኝም። አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ በሚቀጥለው እሑድ ደገምኩት። ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ እናት አሉን፤ የትም ብትሄዱ የሚያስይዙት ዕቃ አያጡም። ትክ ብለው አዩኝና፣ "እዚያ የእኛ ሰው አለ?" አሉኝ። የለም አልኳቸው። "ታዲያ ማን ሊቀበልህ ነው የምትሄደው?" ማንም አልኳቸው። "በጸሎት እናስብሃለን" ብለው ትከሻዬን ዳሰስ አደረጉኝ። ቀዶ ጥገና ሊገባ የተዘጋጀ ሰው እንዲህ ነው የሚዳሰሰው።

ለመሆኑ ለምን ሄድኩ? ልጄ ሕሊና ናት የላከችኝ። ሲያትል ጥሩ ሥራ አግኝታለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ እዚያው አትላንታ ዳር፣ ሊቶኒያ ባለው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ታካሚ በዊልቸር እገፋለሁ፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ የማይገባኝን ነገር ትሠራለች፣ ማታ ተገናኝተን ስለ እራት እንጨቃጨቃለን። አንድ ቀን፣ "አባዬ፣ ላይክ፣ አንተ እኮ ብቻህን ሆነህ አታውቅም" አለችኝ። "አንድ ሳምንት ብቻህን ትራቭል አድርግ። ኦኬ ከሆንክ ሥራውን እቀበላለሁ። ኦኬ ካልሆንክ እቀራለሁ። ፕሮሚስ።" ታሊንን የመረጠችው እሷው ናት። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የምትመች አሮጌ ከተማ ናት ተብሎ ተጽፎ አይታ።

ፈተናው ገባችሁ? ካለፍኩ ልጄ ትሄዳለች። ከወደቅኩ ትቀራለች። እኔ በበኩሌ በሕይወቴ ብዙ ፈተና ወድቄያለሁ፤ ልምዱ አለኝ። እንዲህ ጥሩ ሽልማት ያለው ውድቀት ግን ቀርቦልኝ አያውቅም።

ከተማዋ ውብ ናት፤ አልዋሽም። ዙሪያዋን የድንጋይ ግንብ ነው፣ በየግንቡ ጥግ ቀይ ባርኔጣ የደፋ ማማ ቆሟል። መንገዱ ሁሉ ኮብልስቶን ነው። ዝናቡ አይዘንብም፣ አያባራም፤ እንዲሁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃችኋል። ከምሳ በኋላ ትንሽ ዞር ዞር ስትሉ ይጨልማል። ቢጫው ቅጠል እርጥብ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ሲታይ እንኳን የተማረ፣ እኔም ቆሜ አየሁት። ግን ለማን ልንገር? "አየህ ይህን ግንብ!" የምትሉት ሰው አጠገባችሁ ከሌለ፣ ግንብ ምኑ ይደነቃል? ድንጋይ ነው።

አውቶብስ መጠበቂያው ላይ ሰዉ ተራርቆ ነው የሚቆመው። የተጣሉ መስሎኝ ነበር። እንደ ሰው ልሁን ብዬ አንዲት ሴትዮ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ፈንጠር አለች። ሰላም ልላት ጠጋ አልኩ። እንደገና ፈንጠር። በዚህ ዓይነት ከመጠለያው አስወጥቼ ዝናቡ ላይ ጣልኳት።

ሕሊና በየቀኑ ትደውላለች። "አባዬ፣ ኦኬ ነህ?" በጣም! እላለሁ። "ፎቶ ላክልኝ።" እልካለሁ። እኔና ግንቡ። እኔና ሌላ ግንብ። "ሰው የለም እንዴ እዛ?" ትለኛለች። ሞልቷል፣ ፎቶ ስለማይወዱ ነው እላለሁ። ለምን ዋሸህ በሉኛ! ብቻዬን ነኝ፣ ከፍቶኛል ብል ትቀርልኝ አልነበር? ልላት ነበር። ስልኩ ሲጮህ አፌ ላይ ነበር። ድምፅዋን ስሰማ ግን "በጣም!" የሚለው ቀድሞ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ቻልኩት፣ ከምግብ በቀር። ብቻዬን ተቀምጬ መብላት አልሆነልኝም። መጀመሪያ ሰሞን ሳንድዊች እየገዛሁ መንገድ ላይ እየሄድኩ በላሁ፤ የሚሄድ ሰው ብቻውን መሆኑ አይታወቅበትም። በኋላ ብርዱ ሲብስ አንዲት ምድር ቤት ያለች ምግብ ቤት ገባሁ። አሳማ በጎመን፣ ድንች፣ ጥቁር ዳቦ መጣልኝ። አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ሻይ ይዞ ግድግዳ ያያል። ሹካዬን ሳነሳ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ምን ላድርግ? አሳዳጊዬ አልበደለኝም። በእጄ ሳህኑን እያሳየሁ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንብላ አልኩት።

እዚህ ላይ እናንተም እኔም የሚቀጥለውን እናውቃለን። "ብላ፣ ይባረክ፣ አሁን ነው የበላሁት" ይላል፤ "ኧረ በሞቴ" እላለሁ፤ "በእውነት ጠግቤያለሁ" ይላል፤ ሁለታችንም ጨዋነታችንን አስመስክረን ወደየሳህናችን እንመለሳለን።

ሰውዬው ግራና ቀኙን አየ። ሻዩን አነሳ። አንድ ሹካ ከዕቃ ማስቀመጫው ወሰደ። መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በላ!

ደግሞ አበላሉ የእንግዳ አይደለም። ጎመኑን አጋምሶ፣ ሥጋውን ቆርሶ፣ በጥሞና። ሲጨርስ አፉን ጠርጎ፣ "ቶማስ" አለኝ። ስሙ ነው።

በማግስቱ ስመለስ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በዚህኛው ቀን ያዘዘው እሱ ነው፤ ሹካ ደርድሮልኛል። እንግሊዝኛው ጥቂት ናት፤ የእኔም ብዙ ሆና አታውቅም። እንዴት ዋልክ፣ ጤናህስ፣ ቤተሰብስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል ብዬ በየተራ ጠየቅኩት። አስቦ ለሁሉም በአንድ ጊዜ "ደህና" አለ። ድንቹን ሲጨርስ አንድ ልጅ እንዳለው ነገረኝ። ፊንላንድ ነው፣ ከባሕሩ ማዶ፤ ጠዋት መርከብ ቢሳፈር ምሳውን እዚህ ይበላል። ታዲያ ይመጣል ወይ? አልኩት። "ለገና" አለኝ።

የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደርሰው ለገና ብቻ ከመጣ፣ ሲያትል የምትሄደው መቼ ልትመጣ ነው?

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሕሊና ናት። "አባዬ፣ ዛሬ መልስ ስጪን አሉኝ። ትሩዙን ንገረኝ፣ እውነቱን። ልቀበል?"

አሁን ነው ሰዓቱ፣ አልኩ በሆዴ። ትንሽ ማሳል ብቻ ይበቃ ነበር። "ተቀበዪ እንጂ!" አልኩ። "እኔ ምን እሆናለሁ? ደግሞ ለእኔ ብለሽ? ሂጂ ልጄ!"

አሁን "እንዴት ጥዬህ እሄዳለሁ?" ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። እኔ "ኧረ በሞቴ" ልል ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ በመጨረሻ ትቀራለች።

"ኦ ማይ ጋድ! ታንክ ዩ፣ አባዬ! አይ ላቭ ዩ!" አለችና ልትደውልላቸው ዘጋችው።

አትላንታ ነው ያሳደግኳት፤ ማንን ልውቀስ? ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ተቀመጥኩ። ቶማስ ምግቡን አልነካውም፤ እኔን ይጠብቃል። ልጄ እኮ ልትሄድ ነው አልኩት። የቀረውን ቁራሽ ዳቦ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

የመጨረሻው ቀን ተሰነባበትን። መቼስ የሰው አገር ሰው አብልቶኝ ዝም ብዬ አልሄድም። "አትላንታ ና" አልኩት፤ "ቤቴ ቤትህ ነው፣ ክፍል ሞልቷል፣ እስከፈለግክ ትቀመጣለህ።" ያው በወጉ። እጄን እንደጨበጠ ቆሞ አሰበ፣ አሰበና፣ "መቼ?" አለኝ።

እነሆ ሕሊና ሲያትል ገብታለች። ቶማስ ደግሞ ጸደይ ላይ ይመጣል። ትኬቱን ቆርጧል፤ መምጫውን ብቻ። እኔም የእሷን ክፍል ቀለም እየቀባሁለት ነው። ትናንት ስትደውል ነገርኳት። ጮኸች። "አባዬ፣ ሲሪየስሊ? የማታውቀው ሰው እኮ ነው! ጀስት ኖ በለው!"

ኖ ማለት ብችል ኖሮ አንቺ ሲያትል ምን ትሠሪ ነበር? ይህን ግን አላልኳትም። "እሺ ልጄ፣ እለዋለሁ" አልኳት።