ሊቀ ሰንጠረዥ ሰርቨር ሲመርጡ

አነጻጻሪ የሌለው መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። «እኛ ጋ የለም» የሚል ካለ፣ ወይ ሥራ ከጀመረ ሳምንት አልሞላውም፣ ወይ አነጻጻሪው ራሱ ነው። አነጻጻሪ ማለት፣ እናንተ ገዝታችሁ፣ ተጫምታችሁ፣ አልቆባችሁ የጣላችሁትን ጫማ እሱ ገና መደርደሪያው ፊት ቆሞ የሶሉን ውፍረት በጣቱ የሚለካ ሰው ነው። አይቸኩልም፤ አይናደድም። የሚናደደው ሻጩ ነው።

የእኛው አነጻጻሪ የሆስፒታሉ ዳታ ሴንተር ኃላፊ ናቸው። መታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም ተጽፏል፤ እኛ ግን ክቡር ሊቀ ሰንጠረዥ እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ነው የምላቸው፤ ሥራዬን እወደዋለሁ።

«ዛሬ ይሞቃል አይደል ጋሼ?» ያላቸው ሰው የሚያገኘው መልስ «ከምን አንጻር?» ነው። ከትናንቱ ነው? ከማሽን ክፍሉ ነው? ከውጭ ነው ከውስጥ? ሰውየው ላብ ላቡን እየጠረገ ይሄዳል፤ እሳቸው መሥመር ያለው ደብተራቸውን አውጥተው የሁለቱንም ሙቀት ይጽፋሉ።

አንድ ጊዜ የማሽን ክፍሉ መወልወያ አርጅቶ አዲስ እንዲመርጡ ተጠየቁ። አራት ዓይነት አስመጡና ወለሉን በፕላስተር አራት ቦታ ከፈሉት። የጽዳት ሠራተኛዋ አራት ቀን አራቱን ክፍል በአራት መወልወያ ስታጸዳ ከረመች። በአምስተኛው ቀን ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ አራቱም ያጸዳሉ እኮ!»

«ከምን አንጻር?»

«ከቆሻሻው አንጻር!» አለቻቸው። እስከ ዛሬ ሊቀ ሰንጠረዥን የረታቻቸው ሰው እሷ ብቻ ናት።

ባለቤታቸው እዚያው ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላቸዋለን። ፍራሽ ሊገዙ አብረው የሄዱ ዕለት የሆነውን ሲስተር ሲያወሩት ምሳችን ይቀዘቅዛል። ክቡርነታቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ሰዓታቸውን አስተካክለው፣ ዘጠኝ ፍራሽ ላይ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሊተኙ ተነሱ። ስድስተኛው ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳቸው። ባለሱቁ ደስ ብሎት ቀሰቀሳቸውና «ታዲያ ይሄን ልጠቅልልዎት?» አለ። «አይሆንም፤ ደክሞኝ ስለነበር ይሄ ውጤት አይቆጠርም» ብለው ከአንደኛው እንደገና ጀመሩ።

«እኔን ሲያገባኝ ከስንት ሰው ጋር እንዳነጻጸረኝ ጠይቄው አላውቅም» ይላሉ ሲስተር።

«ለምን?»

«ይነግረኛላ!»

እንግዲህ የሆስፒታሉን ሰርቨር እንዲመርጡ የተሾሙት እኚህ ሰው ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕሙማን መዝገብ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ሁሉም አንድ ያረጀ ሥርዓት ላይ ነበር። የሚያስበው ማሽን ለብቻ፣ የሚያስቀምጠው ለብቻ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ደግሞ ለብቻ፤ ሦስቱም እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች። አንዱ ሲያስነጥስ መዝገብ ቤት ወደ ወረቀት ይመለሳል፤ ወረፋው እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ያ ማሽን ደግሞ እሁድ እሁድ መታመም ይወዳል። ጠባዩን የማውቀው ተረኛ ባለሙያ እኔ ብቻ ስለሆንኩ እሁዴን የሚበላው እሱ ነው። ልጄ ከአፉ ቃል ሳይወጣ በፊት የለመደው ነገር ቢኖር ለእኔ ለስንብት እጁን ማውለብለብ ነው። ገና ወደ ቤት ስገባም ያውለበልብልኛል።

አዲሱ ዘዴ ሃይፐርኮንቨርጅድ ይባላል። ስሙ አፍ ይሞላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፦ ማሰቢያውም፣ ማስቀመጫውም፣ ማገናኛውም ተጠቃልለው አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ጎን ለጎን ይደረደሩና አንዱ የያዘውን ሌላውም በቅጂ ይይዛል። አንዱ ቢወድቅ የቀሩት ይሸከማሉ። ተረኛውም ሰኞ ገብቶ ይጠግናል። የጓጓሁት ለዚህች ሰኞ ነው።

ሦስት አቅራቢ መጣ። ሊቀ ሰንጠረዥ ስድሳ አንድ ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ዘረጉ። ፍጥነት፣ የሚበላው መብራት፣ የሚተፋው ሙቀት፣ ሲያድግ የሚሰጠው ጣጣ። ረድፍ አርባ አራት «የአቅራቢው ስልክ ስንት ጊዜ ጠርቶ ይነሳል» ይላል። ለዚህች አንድ ረድፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ በተለያየ ሰዓት እየደወሉ ጥሪ ቆጥረዋል። ሦስተኛው አቅራቢ የወደቀው እዚያች ላይ ነው፤ አንስተውላቸው አያውቁም። ሰማያዊውና ግራጫው ቀሩ። እኛ በሳጥኖቻቸው ቀለም ነበር የምንጠራቸው።

ለምርጫው ሁለት ወር የተባለው አምስት ወር ሆነ። እኔ አልቻልኩም። የሰማያዊው ስክሪን ሲያዩት ያምራል፤ ሁሉ ነገር በክብ በክብ ተስሎ ይሽከረከራል። ሦስት ሳጥን ብቻ ነው፤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ግራጫው አራት ሳጥን ነው፤ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር «እስከ ሐሙስ ካልመረጡ እኔው እመርጣለሁ» ማለታቸውን ስሰማ፣ ረቡዕ ጠዋት «ሰማያዊው ይሻላል» የሚል ደብዳቤ ጽፌ፣ ፈርሜ ቢሯቸው አስገባሁ። ሴትዮዋ ቆራጥ ናቸው፤ ደብዳቤውን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ከሰዓት ሊቀ ሰንጠረዥ ጠሩኝ።

«ፈረምክ አሉ።»

«አዎ ጋሼ። በቃኝ። አምስት ወር እኮ ነው!»

«ሲሠራ አንድ ነገር ነቅለህ አይተኸዋል?»

«ምኑን ነቅዬ?»

ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የማሽን ክፍሉ ውስጥ አራት ሆነን ቆምን፦ ዳይሬክተሯ፣ ሊቀ ሰንጠረዥ፣ እኔና የሰማያዊው ሻጭ። የሻጩ ሽቶ ከማቀዝቀዣው ነፋስ ጋር ይታገላል። ሦስቱ ሰማያዊ ሳጥኖች ለሙከራ ተተክለው በሐሰተኛ መዝገብ ይሠራሉ፤ ስክሪኑ ይሽከረከራል።

«እንዲያው ለማየት ያህል» አሉ ሊቀ ሰንጠረዥ፤ «በየወሩ ሳጥኖቹን ተራ በተራ አጥፍቶ ማደስ ግዴታ ነው፤ አይደል?»

«ትክክል ጋሼ። ምንም አይሰማዎትም።»

አንደኛውን ለእድሳት አጠፉት። እውነትም ምንም አልተሰማንም። ስክሪኑ መሽከርከሩን ቀጠለ። ዳይሬክተሯ ሰዓታቸውን አዩ፤ እኔ ፈገግ አልኩ። ያኔ ሊቀ ሰንጠረዥ ወደ ሁለተኛው ሳጥን ጎንበስ አሉና ከፊቱ አንድ የመዝገብ ማስቀመጫ ዲስክ፣ የበሰለ ፍሬ እንደሚቀጥፍ ሰው፣ ቀስ ብለው መዘዙ።

ስክሪኑ ቀጥ አለ። ከዚያ ነጭ ሆነ። ከዚያ ጠፋ።

«ሦስት ሰው ሶፋ ተሸክሟል እንበል» አሉ ለዳይሬክተሯ። «አንዱ ውሃ ልጠጣ ብሎ ሄደ። ሁለቱ ይዘውታል። ከሁለቱ የአንዱ እጅ ካዳለጠው ግን ሶፋው እግራችን ላይ ነው። ግራጫው ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ፈተና አልፏል፤ አንደኛው ከመውጣቱ በፊት የያዘውን ለሦስቱ አከፋፍሎ ነው የሚወጣው።»

ሻጩ ከረባቱን አላላ። «ጋሼ፣ ይሄ ሞዴል የተሠራው ለሦስት ነው። ደግሞ በተግባር እንዲህ አያጋጥምም። ሁለት ነገር በአንድ ቀን አይበላሽም!»

ሊቀ ሰንጠረዥ ደብተራቸውን ገልጠው ለዳይሬክተሯ አቀበሉ። «ባለፈው ዓመት አሮጌው ላይ አራት ጊዜ ተበላሽቷል። ያንብቡት እስኪ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«እሁድ። ጠዋት ዲስክ ሞተ፤ ከሰዓት ማቀዝቀዣው ቆመ። ተረኛው ከእህቱ ሰርግ ተጠርቶ መጣ። ከረባቱን በሩ ላይ ሰቅሎ ረስቶት ሄደ።»

ጆሮዬ ጋለ።

«እሁድ። መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳ አለ። ተረኛው ልጁን ታቅፎ መጣ። ጫጫታው ለሕፃን አይሆንም ብዬ ለሲስተር ሰጠኋት፤ አምስት ሰዓት ያዘችው።»

«እሁድ። ማገናኛው ተቃጠለ፤ ቀጥሎ ዲስክ። የተረኛው ግንባር ሙቀት ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት። አሞኛል አላለም።»

ያቺን ቀን አስታወስኳት። ሊቀ ሰንጠረዥ በርቀት ሙቀት የሚለካውን መሣሪያ ወደ እኔ አቅጣጫ ደግነው ነበር። ከኋላዬ ያለውን ማሽን የሚለኩ መስሎኝ ዞር ብዬላቸዋለሁ።

አራተኛዋን ዳይሬክተሯ ለራሳቸው አነበቧትና ደብተሩን ዘጉ። «ጋሼ፣ ብልሽቱ ገባኝ። ሰውየው ከየት እንደመጣ ለምን ተጻፈ?»

«ማሽኑ ሲቆም አብሮ ምን ምን እንደሚቆም መታወቅ አለበት» አሉ፣ እንደ ተራ ነገር። «አለዚያ ንጽጽሩ ጎዶሎ ነው።»

«እሱ ሰልችቶት ሥራውን ቢለቅስ? አስበውበታል?»

«ረድፍ ሃምሳ ስምንት። በሦስት ቦታ ካሉ ሦስት ባለሙያዎች ጋር አነጻጽሬዋለሁ።»

«እና?»

«በሁለት ነጥብ ይበልጣቸዋል።»

«ሁለት ብቻ?!» አልኩ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

«እስከ ማክሰኞ ሦስት ነበር» አሉ። «ረቡዕ ሳትፈትን ፈረምክ።»

ዳይሬክተሯ ደብዳቤዬን ከፋይላቸው አውጥተው ሰጡኝ። እዚያው ለሁለት ቀደድኩት። ሻጩ ሳጥኖቹን ለማሸግ ካርቶን ጠየቀ፤ ሊቀ ሰንጠረዥ ከሁለት ዓይነት ካርቶን የትኛው እንደሚሻለው ሊያስረዱት አብረውት ወጡ።

ግራጫዎቹ አራት ሳጥኖች በስድስተኛው ሳምንት ገቡ። ከገቡ በሦስተኛው እሁድ፣ ልጄ ደረቴ ላይ ተኝቶብኝ ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጠራ። ሊቀ ሰንጠረዥ ናቸው። ከልማዴ የተነሳ በእግሬ ጣት ጫማዬን ወደ እኔ እየሳብኩ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ መጣሁ።»

«ወዴት?»

«ምንድን ነው የሆነው?»

«ሁለተኛው ሳጥን ላይ ዲስክ ሞቷል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ። መዝገብ ቤት ማንም አላወቀም፤ ሥራው እንደቀጠለ ነው። አትምጣ ልልህ ነው የደወልኩት።»

«ታዲያ ሰኞ አይነግሩኝም ነበር?»

«ሰኞ ብነግርህማ ከምን እንደተረፍክ ሳታውቅ ትውላለህ።»

ከጀርባቸው የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል።

«እርስዎ የት ነዎት ጋሼ?»

«የት እሆናለሁ፤ ማሽን ክፍል ነኛ። የኔ ልጆች አድገዋል» አሉና ዘጉት።

ልጄ ተገላበጠና ጉንጩን አንገቴ ሥር ወተፈ። ጫማዬን በእግሬ ጫፍ ቀስ ብዬ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።