የደረጃችን ጉም

መሬት ሥዕል ውስጥ ለመግባት ስንት ዘመን ደጅ እንደጠና ታውቃላችሁ? በእኛ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ቅዱሱ አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ዘንዶው አለ፤ ከኋላቸው ግን ቢጫና ቀይ ቀለም ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጋልቦ የደከመ ፈረስ የሚግጣት አንዲት ዘለላ ሣር አልተሳለችለትም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ተራራና ወንዙን ለረጅም ጊዜ እንደ ድሃ ዘመድ ከቅዱሳን ትከሻ ኋላ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ቆይቶ ነው ሰውየው ገለል ብሎ ዛፉ ብቻውን ሥዕል የሆነው። ሆላንዶች አገራቸው ሜዳ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አብዛኛውን ለሰማይ ለቀቁት። ከሁሉ የገረሙኝ ግን ቻይናዎች ናቸው። ተራራውን ይስሉና መሃሉን ሳይነኩ ይተዉታል። ወረቀቱ ራሱ ጉም ይሆናል።

ይህን በስልኩ ያሳየን የሥዕል መምህራችን ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ ጋ ደርሶ ቆየ።

ቻይናዊው ሠዓሊ ግን አንድ ዕድል ነበረው፤ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አልኖረም።

እኛ ጋ ባዶ ቦታ ያየ ሰው እጁን ይበላዋል። በሁለት ብሎክ መሃል ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ሲገኝ አንዱ ቆርቆሮ ያቆምበታል፣ አንዱ ጎመን ይተክልበታል፣ ሌላው መኪናውን አቁሞ በሰንሰለት ያጥረዋል። ባዶ ማለት የተረሳ ማለት ይመስላቸዋል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ “ዝም አይነቅዝም” እያለች ነው ያሳደገችኝ።

ክረምቱ ሲያበቃ የብሎካችን ኮሚቴ በፍሳሽ የተበላሸውን የመግቢያ ግድግዳ አስለስኖ ነጭ ቀለም አስቀባ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ግርማ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ እናቴን “ያቺ ድምፅ የሌላት ልጅሽ ትስላለች አሉ፤ አንድ የሚያምር ነገር ታድርግበት” አሏት።

በክረምት ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ መስኮታችን የሚታየውን ሳልኩ፦ ከላይ የየረር ተራራ ጫፍ፣ ከታች የጤፍ ማሳ ጥግና ሁለት ባሕር ዛፍ። መሃሉን ተውኩት። አሥር ቀን ፈጀብኝ፤ ከአሥሩ አራቱ ምንም ላለመሳል የታገልኩባቸው ናቸው።

“አላለቀም እንዴ?” አሉኝ ጋሽ ግርማ።

“አልቋል።”

“ይኼ መሃሉስ?”

“ጉም ነው” አልኩ፣ ጫማዬን እያየሁ።

“ጉም ከሆነማ ሦስት ሰዓት ላይ ይገፈፋል! ከዚያ በኋላ ምን ልትስዪበት ነው?”

ደረጃው በሳቅ ተናጋ። ከሁለተኛ ፎቅ እትዬ አስካለ “አንቺ ልጅ፣ ሁለት በግ ጣል አድርጊበት፤ ግድግዳውም ይሙቅ” አሉ። ዲሽ የሚሠራው ጎረቤታችን ናቲ ደግሞ “ለእኔ ስልክ ቁጥር መጻፊያ ይበቃል!” አለ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጉሜ መሃል ወረቀት ተለጥፏል፦ “ማክሰኞ ውሃ አይኖርም።” ሐሙስ ሌላ ተጨመረ፣ ምንጣፍ ደረጃ ላይ የሚያራግፉትን የሚያስጠነቅቅ። ቅዳሜ የናቲ ማስታወቂያ። ልብ በሉ፤ ተራራው ላይ ማንም አልለጠፈም። ዛፉ ላይም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የእኔማ አጥር እንኳ አልነበረውም!

እሑድ የብሎኩ ስብሰባ ነበር። ስለ ውሃ ታንከሩ ተወርቶ አለቀና ጋሽ ግርማ “ሌላ ሐሳብ ያለው?” ሲሉ አንድ እጅ ወጣ። ቀና ብዬ ሳይ የእኔ ነው።

“ግድግዳው ላይ… አትለጥፉ” አልኩ።

“አልሰማንም፣ ጮክ በይ!” አለ አንዱ ከኋላ።

“አትለጥፉ! ባዶ አይደለም! አሥር ቀን የለፋሁት ለእሱ ነው! ተራራውንማ ማንም ይስለዋል!”

ድምፄ ተሰበረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ አስካለ ናቸው።

“ልጅቷ እውነቷን ነው። እኔ እንኳ ጠዋት ስወርድ ያንን ነጭ ሳየው ይበርደኛል።”

በእሳቸው ቋንቋ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና “በቃ፣ ድምፅ ይሰጥበት” አሉ። እጅ ሁሉ ወጣ፣ የናቲም ጭምር። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ያን ቀን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነው የወጣሁት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ ማስታወቂያዎቹ በሙሉ ተነስተዋል። ጋሽ ግርማ የፕላስተር ጥቅልል ይዘው ግድግዳው ፊት ቆመዋል።

“ከእንግዲህ ማንም አይነካብሽም” አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

በጉሙ እምብርት ላይ፣ አራቱም ማዕዘኑ በፕላስተር የተጠፈረ አዲስ ወረቀት አለ፦ “በዚህ ቦታ ላይ ማንኛውንም ነገር መለጠፍ የተከለከለ መሆኑን የብሎኩ ነዋሪዎች በሙሉ ድምፅ ወስነዋል።” ከሥሩ ፊርማና ማኅተም።

“አመሰግናለሁ ጋሼ” አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ደግነቱ ማኅተሙ ክብ ነው። ከበሩ ራቅ ብሎ ለሚያየው፣ ከጉሙ ውስጥ ልትወጣ የምትታገል ወይን ጠጅ ፀሐይ ይመስላል።