ቀዩን ውሃ ያነጡት ጋሼ

በምድር ላይ ካሉ አደጋዎች ሁሉ የከፋው ሳይለምኑት የሚረዳ ሰው ነው፤ ክፉን ሰው ይሸሹታል፣ ይህን ግን ያመሰግኑታል። የቤተ ሙከራችን የጽዳት ኃላፊ፣ ክቡር ጋሼ፣ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ አለሁልሽ!» ካሉ አንድ ነገር መበላሸቱ አይቀርም። በብልቃጦቼ ላይ የጻፍኩትን ምልክት እድፍ መስሏቸው ፈትገው አጥፍተውታል። ማሞቂያውንም «መብራት ለምን ይባክናል?» ብለው ነቅለውታል። እኔም፣ ድምፄ ከጉሮሮዬ የማያልፈው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብያለሁ።

የመመረቂያ ሥራዬ የጨርቅ ፋብሪካው ቀለም ከሚፈስበት ቦይ ጭቃ ቀድቼ፣ በውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቀለሙን ሰባብረው ያጠፉት እንደሆነ መፈተን ነበር። ገሚሱ ብልቃጥ ባክቴሪያ አለበት፤ ገሚሱ ለማነጻጸሪያ ቀለም ብቻ ይዟል። ቀዩ ውሃ ግን አልጠራ አለ። እኔ ብልቃጡን ሳይ፣ ጋሼ የእኔን ፊት ያያሉ።

አማካሪዬ ሊገመግሙኝ በመጡበት ጠዋት ብልቃጦቹ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርተው ጠበቁን። ሁሉም!

«ባክቴሪያ የሌለበትም? ይሄንን ደግሞ ምን በላው፣ ጠርሙሱ ነው?» አሉ አማካሪዬ። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና ፊታቸው ተኮማተረ። «በረኪና!»

ጋሼ መወልወያቸውን ተደግፈው ፈገግ አሉ። «ስትጨነቅ አንጀቴ አልቻለም። ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው ያደረስኩት፤ አላዳላሁም።»

ባክቴሪያዎቼ አለቁ፤ ምርቃቴም ለከርሞ ተላለፈ። ጋሼን ልጠላቸው ለፈተና የማጠናውን ያህል ተጋሁ፤ ለጥቂት ቀናትም ተሳክቶልኝ ነበር።

እንደገና ጭቃ ልቀዳ ስሄድ ተከተሉኝ። ቦዩ ዛሬም ደም መስሎ ይወርዳል። የፋብሪካው ዘበኛ «ማነሽ አንቺ? ዞር በይ ከዚህ!» ሲል እግሬ ከእኔ ቀድሞ ዞረ። ጋሼ ግን ፊቱ ተገተሩ።

«አንተ! መርዙ ሲወጣ ዝም ብለህ አሳልፈህ፣ እሷ ጭቃ ስትወስድ ነው ዘብ የምትቆመው?»

ዘበኛው ጀርባውን ሰጠን። እኔ መጻሕፍቱን ሁሉ ባገላብጥ ይህን ዓረፍተ ነገር አላገኘውም፤ ባገኘውም አልናገረውም።

ጎንበስ ብዬ ስቀዳ ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዳር ቆመው ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ… ክዳኑን ልያዝልሽ፣ ወይስ ልተወው?»

ሲጠይቁ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነው። ክዳኑን ሰጠኋቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።