ሬዲዮ የሰማች ዶሮ

[ደብረ ብርሃን፣ የጥቅምት እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ጡረተኛው አቶ ቴዎፍሎስ በርኖሳቸውን ደርበው ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሬዲዮናቸው ጉልበታቸው ላይ ተቀምጣ ታወራለች። ተከራያቸው ወገኔ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛው፣ ነጠላውን እንዳጣፋ አንዲት እንቁላል በመዳፉ ይዞ ፊታቸው ቆሟል። ወገኔ በጥር ንጋቷን ሊያገባ ነው። ለሙሽራዋ ያለው ነገር ቢኖር ያቺ ከበሩ አጠገብ ያለች የኪራይ ክፍል ናት፤ እሷን ካጣ ሙሽራዋንም ማጣቱ ነው።]

ወገኔ፦ ትናንት ከእርስዎ የገዛሁት እኮ እኅቷን ነው፣ ጋሼ። ያችው ዶሮ፣ ያው ጎጆ። ይቺ በአንድ ሌሊት እንዴት ተወደደች?

ቴዎፍሎስ፦ በደመወዝ ምክንያት ነዋ! ሬዲዮ አትሰማም? «ማንም አሠሪ ከዚህ በታች አይክፈል» የሚል ሕግ ሊወጣ ነው።

ወገኔ፦ ዶሮዋ ሬዲዮ ትሰማለች?

ቴዎፍሎስ፦ እኔ እሰማላታለሁ! ደመወዝ ሲጨምር ጥሬ ይወደዳል። ጥሬ ሲወደድ እንቁላል ይወደዳል።

ወገኔ፦ ጥሬ ስትበላ አይቻት አላውቅም። የኔን ፍርፋሪ ነው የምትለቅመው።

ቴዎፍሎስ፦ ፍርፋሪህም ይወደዳል!

ወገኔ፦ እኔስ በጥቅምት አንድ አጥንት ባጣ አንድ እንቁላል ልቅመስ ብዬ ነበር። የኔ ደመወዝ ግን አልተጨመረም፣ ጋሼ።

ቴዎፍሎስ፦ ይጨመራላ!

ወገኔ፦ መቼ?

ቴዎፍሎስ፦ እየተጠና ነው።

ወገኔ፦ ታዲያ ላሚቱ ገና ሰማይ ላይ ናት፤ እርስዎ ወተቷን ናጡት እንዴ?

ቴዎፍሎስ፦ ዋጋ ፈረሰኛ ነው፣ ቀድሞ ይደርሳል። ደመወዝ እግረኛ ነው፣ እያነከሰ ይመጣል። ስለዚህ የክፍልህንም ኪራይ ከመጪው ወር ጀምሮ ጨምሬአለሁ።

[እንቁላሏ ከወገኔ መዳፍ አመለጠች፤ ጉልበቱ ላይ ነጥራ ስትወርድ በነጠላው ጫፍ ቀለባት።]

ወገኔ፦ ኪራይ! ንጋቷስ? «ቤት አለው» ተብሎ እኮ ነው ሽማግሌ የተላከው!

ቴዎፍሎስ፦ ደመወዝህ ሲያድግ ምን ቸገረህ?

ወገኔ፦ ፋብሪካ የሚወራው ሌላ ነው። ደመወዝ ከተጨመረ ምሳውና ሰርቪሱ ይቀራል አሉ። እንግዲህ በእግሬ ሄጄ፣ ጦሜን ውዬ፣ ሀብታም ሆኜ እመለሳለሁ።

ቴዎፍሎስ፦ ሕግ ስለማታውቅ ነው! ጥቅማጥቅም መብት ነው! ለመሆኑ ሠራተኛ ማለት ምን ማለት ነው?

ወገኔ፦ እኔ?

ቴዎፍሎስ፦ ለሌላ ሰው የሚደክም ሁሉ ሠራተኛ ነው! ፋብሪካ ይሁን፣ ግቢ ይሁን!

ወገኔ፦ ግቢም?

ቴዎፍሎስ፦ ግቢም!

[ወገኔ ማሰብ ጀመረ። ወገኔ ሲያስብ አፉ በትንሹ ይከፈታል።]

ወገኔ፦ እንግዲያው እኔ ሁለተኛ ሥራ አለኝ! እስከ ዛሬ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቴዎፍሎስ፦ የት?

ወገኔ፦ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ጠዋት በውርጩ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ። ከፋብሪካ ስመለስ ኩበታቸውን እገለብጣለሁ፣ በጎቻቸውን አስገባለሁ። ጅብ ሲመጣም ወጥቼ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ቴዎፍሎስ፦ ምን ይከፍልሃል?

ወገኔ፦ «ተባረክ» ይሉኛል።

ቴዎፍሎስ፦ በየወሩ?

ወገኔ፦ ትዝ ሲላቸው።

ቴዎፍሎስ፦ [ሬዲዮዋን መሬት አስቀምጠው ከመቀመጫቸው ዘለው] ገብረ ጻድቅ ነው! ያ አጥሬን የገፋው ጎረቤቴ! እንዴት እስከ ዛሬ አልገባኝም?

ወገኔ፦ ኧረ ጋሼ፣ እሳቸው እንኳ…

ቴዎፍሎስ፦ አትሸፍንለት! ለኩበቱ ደመወዝ ይክፈል! ለማታው ትርፍ ሰዓት! የእሑዱ በእጥፍ! ለጅቡማ የአደጋ አበል አለው!

ወገኔ፦ ለጅቡም?

ቴዎፍሎስ፦ ጅብ ቀልድ ነው እንዴ?

ወገኔ፦ ብነግራቸው ይቀየሙኛል። የተከበሩ ሰው ናቸው።

ቴዎፍሎስ፦ የሰው ልጅ በምርቃት የሚያሠራ ምን ክብር አለው? ገብጋባ! ቋጣሪ!

ወገኔ፦ እንዲህ እንኳ አይበሏቸው። ተቆጥተው ቢያስወጡኝስ?

ቴዎፍሎስ፦ ከየት ነው የሚያስወጣህ? ቤትህ እኔ ዘንድ!

ወገኔ፦ እሱን እኮ ነው የምፈራው።

ቴዎፍሎስ፦ ስማኝ። ዛሬ ደፍረህ ፊት ለፊት ከነገርከው፣ ጻድቃኔ ማርያምን! ኪራይ አልጨምርብህም!

ወገኔ፦ [ደንግጦ] ጋሼ፣ በጻድቃኔ ማሉ?

ቴዎፍሎስ፦ ማልሁ! ብቻ እኔም ቆሜ ልስማ፤ ፊቱ ሲቀላ ልይ!

ወገኔ፦ መቆሙ እንኳ አያስፈልግም፣ ተቀምጠው ይስሙ።

[ቴዎፍሎስ አልሰሙትም፤ በርኖሳቸውን እየጎተቱ ወደ ገብረ ጻድቅ አጥር ገሠገሡ። ወገኔ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። እንቁላሏን ድንጋይ ላይ በቀስታ አኖረ፣ ነጠላውን አደገደገ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።]

ወገኔ፦ ጋሼ ቴዎፍሎስ…

ቴዎፍሎስ፦ ምን ትሽኮረመማለህ? ና እንጂ!

ወገኔ፦ ኩበቱ የእርስዎ ነው።

[ሬዲዮዋ ስለ ሠራተኛ መብት ታስረዳለች።]

ቴዎፍሎስ፦ … ውሃውስ?

ወገኔ፦ የእርስዎ።

ቴዎፍሎስ፦ በጎቹ?

ወገኔ፦ ያውና፣ እያዩን ነው።

ቴዎፍሎስ፦ ጅቡስ?

ወገኔ፦ ጅቡ የማን እንደሆነ አላውቅም። የሚመጣው ግን እዚህ ነው።

[ቴዎፍሎስ ተመልሰው መቀመጫቸው ላይ ዘጭ አሉ። ፊታቸው ቀልቷል።]

ቴዎፍሎስ፦ አንተ ልጅ፣ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልክ?

ወገኔ፦ ሥራ መሆኑን አሁን እርስዎ አይደሉ የነገሩኝ? እኔማ ዝምድና መስሎኝ ነበር።

[ቴዎፍሎስ መሐላቸው ትዝ ብሏቸው ወደ ላይ ቀና አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሊያፍኑት ሞክረው ሳል ሆነባቸው።]

ቴዎፍሎስ፦ በል ንጋቷን አምጣት፣ ክፍሏ በድሮው ኪራይ ናት። እንቁላሏንም በትናንቱ ዋጋ ውሰዳት። ብቻ ይቺን ለፍላፊ ሬዲዮ ዝጋልኝ!

[ወገኔ እጁን ወደ ሬዲዮዋ ዘረጋ፤ ከመንካቱ በፊት ግን አፉ በትንሹ ተከፈተ።]

ወገኔ፦ እሺ፣ ጋሼ። ግን ዛሬ እሑድ ነው… ይኼኛው በእጥፍ ነው?