በረኪና የጠጣ ጋን

የተማረ ሰው ያለበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጎዳው የቤት ዕቃ ነው። ኤሌክትሪክ የተማረው ደህናውን ሬዲዮ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ግንበኝነት የተማረው የእናቱን ግድግዳ ያፈርሳል። እኔ ደግሞ የተማርኩት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያንን ማሳደድ ነው። ቃሊቲ ባለ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ጠርሙስ ውስጥ የተደበቁትን እያደንኩ እውላለሁ። ካገኘኋቸው ወዮላቸው! እናቴ ግን ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት «ጠርሙስ ያያል» ብላ ታልፈዋለች።

አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከነበረው ሰፈራችን ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር እናቴ ቁም ሳጥኗን ለጎረቤት ሰጥታ የጠላ ጋኗን ይዛ መጣች። ሁለት ወዛደሮች አራተኛ ፎቅ እስኪያደርሱት ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች «ቀስ! ቀስ!» ትል ነበር፤ እኔ ስታመም እንኳ እንዲህ ተጨንቃ አታውቅም። በእርግጥ ጋኑ ታላቄ ነው። ልጅ ሳለሁ ጠላ በተጠነሰሰ በሦስተኛው ቀን ትጠራኝና ጆሮዬን ጋኑ ላይ ታስለጥፈኝ ነበር። ውስጡ ሹክሹክታ አለ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምር ካፊያ ያለ። «እየተጫወቱ ነው» ትለኛለች። እነማን እንደሆኑ ግን ነግራኝ አታውቅም። ባቡሩ ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ የጋኑ ጨዋታ አይቋረጥም። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ላብራቶሪያችን ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ ተሰብስቦ ያንን ድምፅ አይሰጠኝም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እናቴ የአቦ ማኅበርተኛ ናት። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማኅበርተኛውን ይቀበላል። ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ የመጀመሪያው ተራዋ ደረሰ። እዚያው ድሮው ሰፈር የቀሩት ጓደኞቿ «የፎቅ ጠላ ደግሞ ምን ይጥማል!» እያሉ አስቀድመው ይስቁ ነበርና ጭንቅ ያዛት። ጠላው ከተበላሸ ጽዋውን መልሳ ከማኅበሩ እንደምትወጣ ነገረችኝ። ለእሷ ከማኅበሩ መውጣት ማለት ያንን ሰፈር ለሁለተኛ ጊዜ መልቀቅ ማለት ነው። ታዲያ ልጅ ለመቼ ነው? ልረዳት ወሰንኩ።

ለቅሶ በሄደችበት ቀን የጋኑን ውስጥ በባትሪ አየሁት። በዘመናት ጭስና አተላ ጠቁሯል። ጉድ! ይህን የመሰለ ነገር እኛ ፋብሪካ ቢገኝ ሥራ አስኪያጁ በአምቡላንስ ይወሰዳል። እናቴ በግራዋ ቅጠል አሽታ፣ በውሃ አለቅልቃ፣ በወይራ ታጥነዋለች እንጂ ሌላ ነገር አስነክታው አታውቅም። እኔ ሁለት ጠርሙስ በረኪና ገለበጥኩበት፤ በሽቦ ፈተግኩት። ማታ ላይ ጋኑ እንደ ሆስፒታል ኮሪደር ይሸት ነበር። ኮራሁ።

እናቴ ጉንፋን ይዟት ስለነበር ሽታውን አላወቀችውም። እንደ ወትሮው በወይራ አጥና ጠነሰሰች። በሦስተኛው ቀን ጆሮዋን ጋኑ ላይ አደረገች። ቆየች። ከዚያ እኔን ጠራችኝ። አዳመጥኩ፤ ጸጥ። ምን እንዳደረግሁ ስትጠይቀኝ የበረኪናውን ነገር በኩራት ጀምሬ በሹክሹክታ ጨረስኩት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አንተን ሳልወልድ ጀምሮ ያኖርኳቸውን!» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች።

ደግሞ እኮ አውቀዋለሁ! ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩበት ነገር ነው። እነዚያ ጥቃቅኖች የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ተሸጉጠው ጭሱን ለምደዋል፣ የጌሾውን ምሬት ለምደዋል። መልመድ ብቻም አይደለም፤ የገቡበትን ቤት እንደሚመቻቸው አድርገው ይሠሩታል። ያኮመጥጡታል፣ ያሰክሩታል፣ ባዕድ ድርሽ እንዳይል ያደርጉታል። ከእኛ ብሎክ ኮሚቴ በብዙ ይሻላሉ። እኛ ኮንዶሚኒየም ከገባን ዓመት ሊሞላን ነው፣ የበር ጎረቤታችንን ስም ገና አላወቅንም።

ያዳኑን የድሮ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። ከዓመታት በፊት ጋናቸው ሲሰበር አዲሱን ያስጀመሩት ከእናቴ ጋን በወሰዱት ድፍድፍ ነበር። ስለዚህ እኔ የፈጀኋቸው ጥቃቅኖች ዘመዶች አቃቂ በሰላም ይኖራሉ። እናቴ የሞተውን ጥንስስ ደፍታ፣ ጋኑን በግራዋ ደጋግማ አጥባ ፀሐይ ስታስመታው፣ እኔ ድፍድፉን በጄሪካን ላመጣ ተላክሁ። እትዬ ዘነበች ክዳኑን እንዳላጠብቅ አስጠነቀቁኝ። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ አጠበቅሁት። ታክሲው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ሲደርስ ክዳኑ ጧ! ብሎ ጣሪያውን መታ። ቦታውም ቦታ ነውና ተሳፋሪው በሙሉ አንገቱን ቀበረ። ድፍድፉ ፊቴ ላይ፣ ሸሚዜ ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እጅ ላይ ተረጨ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጣታቸውን ላስ አደረጉና የማን ሙያ እንደሆነ ጠየቁኝ።

የተረፈው ለእናቴ በቃት። ከቀናት በኋላ ጆሮዋን አስጠግታ ፈገግ አለች። እኔም አስጠጋሁ። ካፊያው ጀምሯል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ባቡር የሚያልፍ መሰለኝ።

የማኅበሩ ዕለት፣ ሙሴ የምንላቸው ሰብሳቢው ጋሽ ተክሌ አንድ ጣሳ ጨልጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የድሮው ሰፈር ጠላ እንደሆነ፣ እንዲያውም ከድሮውም ጠራ እንደሚል መሰከሩ። ምን ብታደርገው እንዲህ እንደሆነ ሲጠይቋት እናቴ ዓይኗን ሳታሽ «ጋኑን ያጠበልኝ ልጄ ነው» አለች። ውሸት አለበት? የለበትም። ጋሽ ተክሌ ብድግ ብለው፣ እንዲህ ያለ የተማረ ሰው እያለ የምንደክመው ለምንድን ነው፣ ካሁን ወዲያ የማኅበርተኛውን ጋን ሁሉ እሱ ይጠብልን አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዐሥራ ሁለት ጋን! የሠራሁትን ልናዘዝ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ትሕትናው ነው፣ አትስሙት» አለች።